የታይሚንግ ቺንጋን በቤት ውስጥ ስለመቀየር፦ አሮጌ ተሽከርካሪ ያላቸው ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ እንደ ፍሬን፣ መሪ፣ መብራትና ጎማ ያሉ ክፍሎችን ይፈትሻል። የታይሚንግ ቺንጋ ግን በሞተሩ ላይ በሽፋን ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ቦሎ መለጠፉ የቺንጋውን ደኅንነት አያረጋግጥም። በመሆኑም ቺንጋውን በወቅቱ የመቀየር ኃላፊነት የባለንብረቱ ነው።

የቺንጋው ተግባር

ታይሚንግ ቺንጋ ክራንክሻፍትን ከካምሻፍት ጋር የሚያገናኝ ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ እንዲዞር በማድረግ፣ ቫልቮች ከፒስተኖች እንቅስቃሴ ጋር ተጣጥመው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ያስችላል። በሃይሉክስና በሃያስ ላይ በሚገኙት 2ኤል እና 3ኤል የናፍጣ ሞተሮች የነዳጅ ፓምፑንም ያዞራል።

ቺንጋው በጉዞ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ ረዳት ኃይልም ከጥቂት እርግጫ በኋላ ያልቃል። ይህ በረጅም ቁልቁለት ላይ ቢደርስ የሰው ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል። በናፍጣ ሞተሮች ላይ በተጨማሪ ፒስተን ከቫልቭ ጋር ስለሚጋጭ ጥገናው ሞተር እስከ መፍታት ይደርሳል።

መቼ ይቀየራል?

በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ለተመረቱ በርካታ የቶዮታ ሞተሮች የተለመደው ገደብ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ትክክለኛው ገደብ የሚታወቀው ከተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ነው። በዳሽቦርድ ላይ የሚበራው «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት የተጓዘውን ርቀት ብቻ ይቆጥራል፤ ቺንጋው መሰንጠቁን ወይም ዘይት መንካቱን አያውቅም። ያገለገለ ተሽከርካሪ የገዛና የቺንጋው የቅያሬ ማስረጃ ያልተሰጠው ባለንብረት ጊዜው እንደደረሰ ቆጥሮ ሊያስቀይር ይገባል። እንደ ቪትዝ ያሉ በሰንሰለት የሚሠሩ ሞተሮች ይህ አይመለከታቸውም።

በቤት ውስጥ ማን ሊሠራው ይችላል?

የሞተሩ የጥገና መመሪያ፣ የብሎን ጥብቀት መለኪያ ቁልፍና በቂ የጥገና ልምድ ያለው ሰው እንደ 4ኤ-ኤፍኢ ባለ የኮሮላ ቤንዚን ሞተር ላይ ሊሠራው ይችላል። የናፍጣ ሞተር ግን የነዳጅ ፓምፑም አብሮ መስተካከል ስላለበት ለሠለጠነ መካኒክ መተው ይመረጣል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ተሽከርካሪው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። በክሪክ ብቻ በተነሣ ተሽከርካሪ ሥር መግባት ክልክል ነው።
2. የውጭ ቺንጋዎችና ሽፋኖች ይፈታሉ። በሚፈታው የሞተር መያዣ በኩል ሞተሩ አስቀድሞ ከሥር ይደገፋል።
3. ካንዴላዎች ይወጣሉ፤ አንደኛው ፒስተን የመጨረሻ ከፍታው ላይ እስኪደርስ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። በክራንክሻፍትና በካምሻፍት ላይ ያሉት ምልክቶች መጋጠማቸው ይረጋገጣል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል።
4. የቺንጋው መወጠሪያ ይላላል፤ አሮጌው ቺንጋ ይወጣል። አዲሱ እስኪገባ ድረስ ሁለቱንም ዘንጎች ማዞር አይፈቀድም።
5. መወጠሪያው ያለ ድምፅ መዞሩ፣ የዘይት መከላከያ ሲሎችም አለማፍሰሳቸው ይታያል። ያረጁት አሁኑኑ ይቀየራሉ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜው አጭር ነውና።
6. አዲሱ ቺንጋ ሳይታጠፍና በብረት ሳይፈለቀቅ ይገባል፤ በመመሪያው መሠረት ይወጠራል።
7. ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ምልክቶቹም ዳግም ይታያሉ። አንድ ጥርስ እንኳ ከተዛነፈ ሥራው እንደገና ይጀመራል። መዞሩን የሚከለክል ነገር ከተሰማ በኃይል መግፋት አይገባም።

ይህ ምርመራ ሳይጠናቀቅ ሞተሩን በቁልፍ ማስነሣት አይፈቀድም።

ከቅያሬው በኋላ

የተቀየረበት ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ ተጽፎ በሞተሩ ሽፋን ላይ ይለጠፋል፤ የመለዋወጫው ደረሰኝም ከተሽከርካሪው ሰነዶች ጋር ይቀመጣል። ተሽከርካሪው ሲሸጥ ማስረጃው ለገዢው ሊተላለፍ ይገባል።