ከማዕዱ የሚማር ልጅ፦ የወላጅ አርአያነትና የሕፃናት የአመጋገብ ልማድ



ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደገ ሶሐባ ነው። አባቱ አቡ ሰለማና እናቱ ኡሙ ሰለማ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ቀደምት ሙስሊሞች መካከል ናቸው፤ በርካታ የታሪክ ጸሐፍትም ዑመር የተወለደው በዚሁ በሐበሻ ምድር እንደሆነ ዘግበዋል። አባቱ በኡሑድ ዘመቻ በደረሰበት ቁስል ሳቢያ ካረፈ በኋላ ነቢዩ እናቱን ስላገቡ፣ ልጁ በእርሳቸው አሳዳጊነት ሥር ሆነ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አንድ ቀን ከእርሳቸው ጋር ሲመገብ እጁ በሳሕኑ ዙሪያ ትዞር ነበር። ነቢዩም የአላህን ስም እንዲያነሣ፣ በቀኝ እጁ እንዲበላና ከፊት ለፊቱ እንዲያነሣ በእርጋታ አስተማሩት። ዑመር ካደገ በኋላ፣ አበላሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያው መንገድ እንደጸና ራሱ መስክሯል።

ይህ ሐዲሥ በየመድረሳው ይጠናል፤ ሦስቱን አደቦች የማይቆጥር ተማሪ ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ግን ከትምህርቱ በፊት በነበረው ሁኔታ ላይ ነው፤ ልጁ ከታላቁ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ነበር። የእጁ መዞር የታየው፣ እርማቱም የደረሰው አብሮ ስለበላ ነው። ዕድሜው ለትምህርት ያልደረሰ ልጅ የሚወደውንና የሚጠላውን፣ የሚበቃውንና የሚተርፈውን የሚለየው ቤቱ በሚያሳየው መሠረት ነው የሚለውን ሐሳብ፣ ከሸሪዓ ምንጮችና ከዘመኑ ጥናቶች እያነጻጸርን ወደ ቤታችን ማዕድ እናመጣዋለን።

የእህል አገርና የልጅ ሳሕን

ሉማሜ ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃና በደጀን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የምሥራቅ ጎጃም ዞን የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ፣ የስንዴና የጥራጥሬ አገር ነው። እንዲህ ባለው ምድር የልጅ ምግብ ጉዳይ ሊነሣ አይገባም የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ 38 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወራት ከሆኑ የአገሪቱ ሕፃናት በዓይነትም ሆነ በቁጥር የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው።

ለዚህ መቀንጨር ድህነት፣ የንጹሕ ውኃ እጦትና ተደጋጋሚ ሕመም ድርሻ እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ እነዚህን ወላጅ ብቻውን አይፈታቸውም። ነገር ግን ጎተራው እህል ይዞ የልጁ ሳሕን ከእንጀራና ከስስ ሽሮ የማያልፍበት ቤትም አለ። በጓሮ ጎመን እያለ፣ ዶሮዋም እየጣለች፣ ልጁ ሁለቱንም ሳይለምድ ያድጋል። የአባትና የእናት ምርጫ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጣዕም በልማድ ይገኛል

ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) በተገኙበት አንድ ማዕድ ላይ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐራም እንደሆነ ሲጠየቁ እንዳልሆነ ገልጸው፣ በወገኖቻቸው አገር የማይገኝ በመሆኑ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ተናገሩ፤ ኻሊድም እያዩት በላ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ክስተት በፊቅህ ትምህርት የሚጠቀሰው ለሐላልነቱ ማስረጃ ሆኖ ነው። ሌላም ቁም ነገር ይዟል፤ ሰው የሚወደውና የማይወደው ምግብ ካደገበት አገርና ማዕድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያስረዳል።

የዘመኑ ጥናቶች ይህን ልማድ ከመቼ እንደሚጀምር መርምረዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በእርግዝና ወይም በጡት ማጥባት ወቅት የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ እናቶች ልጆች፣ ካሮት የተቀላቀለበትን የመጀመሪያ ምግባቸውን ከሌሎቹ ይልቅ ሳያንገራግሩ ተቀብለውታል። እናት የምትበላው ምግብ ጣዕም በእንሽርት ውኃና በጡት ወተት በኩል ወደ ልጁ ይደርሳልና። ስለዚህ የልጁ የመጀመሪያ ገበታ የእናቱ ገበታ ነው፤ እናትን በጎደለ ምግብ ያስቀረ ቤት ልጁንም አብሮ አስቀርቷል። በሱረቱል በቀራ 233ኛ አንቀጽ የአጥቢዋ እናት ምግብና ልብስ በአባት ላይ ግዴታ ሆኖ መደንገጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው አዲስ ምግብ መፍራት ይጀምራል። ይህ የተለመደ የዕድገት ባሕርይ እንጂ ብልግና አይደለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሊያን በርችና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ሕፃናት የማያውቁትን ምግብ ደጋግመው በቀመሱ መጠን እየወደዱት ይሄዳሉ፤ ለዚህም 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ብዙዎቻችን ግን ልጁ ጎመኑን ሁለት ጊዜ ሲተፋ «አይወድም» ብለን እንፈርድና ዳግመኛ አናቀርብለትም። ፍርዱ ከልጁ ጋር ያድጋል።

ማስገደድና መደለል

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ከቶ አንቋሸው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበሉታል፣ ካልወደዱት ይተዉታል። አባት በልጁ ፊት «ዛሬም ጎመን ነው?» ብሎ ፊቱን ካጨማደደ፣ እናት ስለ ጎመን ጥቅም የምትናገረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ልጁ የሚያምነው የአባቱን ፊት ነው።

በሌላ በኩል ማስገደድም ፍሬ የለውም። በርች የተሳተፈችበትና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለትምህርት ያልደረሱ ልጆችን ሁለት ዓይነት ሾርባ አቅርቦላቸው፣ በአንደኛው ላይ «ጨርሱ» እያለ ጎተጎታቸው፤ ሁለተኛውን ያለ ጉትጎታ ተወላቸው። ልጆቹ አብልጠው የበሉት ያልተጎተጎቱበትን ሲሆን፣ ስለ ተጎተጎቱበት ሾርባ ክፉ ክፉውን ተናግረዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም፣ ልጆች እያዩት የተከለከሉትን ምግብ አብልጠው እንደሚመኙ አሳይቷል። ከረሜላን ከመደርደሪያ ላይ ሰቅሎ «ሽሮህን ከጨረስክ እሰጥሃለሁ» ማለት፣ ሽሮውን የቅጣት፣ ከረሜላውን የሽልማት ምግብ አድርጎ ማስተማር ነው።

ታዲያ ልጅ እንዳሻው ይተው ማለት ነውን? አይደለም። ሕፃኑ ሐሰን (ረ.ዐ) ከሶደቃ ቴምር አንድ ፍሬ አንሥቶ ወደ አፉ ሲያስገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝም አላሉትም፤ ሕፃናት በሚረዱት ድምፅ እንዲተፋው አድርገው፣ ሶደቃ ለእነርሱ ቤተሰብ የማይፈቀድ መሆኑን ነገሩት። ወሰን አለ፤ ወሰኑም በልጁ ቋንቋና ከነምክንያቱ ይነገራል። በዚህ መሠረት ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ መወሰን የወላጅ ድርሻ ሲሆን፣ ከቀረበው ምን ያህል እንደሚበቃው ማወቅ ለልጁ ሆድ ሊተው ይገባል። ሲጠግብ እጁን የሚሰበስብን ልጅ «ይህቺን ብቻ» እያሉ ማጉረስ፣ ነቢዩ ያስተማሩትን ልክ የማወቅ አደብ ከሕፃንነቱ ማጥፋት ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክታችን ነው፤ ለሕፃን ሲሆን ግን በአፉ ልክ ተጠቅልሎ፣ አፉን ሲከፍት የሚሰጥ ይሁን።

የቤታችን ማዕድ

በብዙ ቤት እንግዳና አባት ቀድመው ይበላሉ፤ እናትና ልጆች የተረፈውን ይከተላሉ። ልማዱ ለታላቅ ካለን አክብሮት የመነጨ ነው፤ ሆኖም ሥጋውና እንቁላሉ ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ልጅ የሚያገኘው የወጡን ጭላጭ ነው። አብሮ መብላትም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሕፃን እጅ ከጎልማሳ እጅ ጋር አይወዳደርምና፣ ድርሻው በትንሽ ሳሕን ተለይቶ ከገበታው ጎን ቢቀመጥለት ምን ያህል እንደበላም ይታወቃል። ከፊት ለፊት መብላት የሚለው አደብ ደካማውን ተመጋቢም የሚጠብቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንቁላሉና ቅቤው ለገበያ መውጣቱ በጨው፣ በሳሙናና በደብተር ወጪ ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። «አትሽጡ» ማለት የኑሮውን ክብደት አለማወቅ ነው። ከሳምንቱ እንቁላል ሁለት ሦስቱን ለልጁ ማስቀረት ግን ብዙ ቤት የሚችለው ነው። በተለይ በዐቢይ ጾም ወራት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚታቀቡ የወተትና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ ይህ ጊዜ ለሙስሊሙ ቤት ልጆቹን የሚጠቅምበት ወቅት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሻይ በዳቦ ብቻ የሚሰጠው ልጅ ተጎጂ ነው፤ ሻይ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ይቀንሳልና። ከገብስና ከሽምብራ ዱቄት የተሠራ ገንፎ ወይም አጥሚት ይሻለዋል።

ረመዳንም ልዩ ትኩረት ይሻል። ቀን ምድጃው ስለሚቀዘቅዝ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በትናንት እንጀራ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሳምቡሳውና ጣፋጩ ሲቀርብ ባዶ ሆዱን በእርሱ ይሞላል። ሶሐባዎች በዐሹራእ ጾም ልጆቻቸውን ከሱፍ በተሠራ መጫወቻ ያዘናጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ዑለማእ ይህን የተረዱት ለሚችል ልጅ እንደ ማለማመጃ እንጂ እንደ ግዴታ አይደለም። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብና በመካከሉ መክሰስ ያስፈልገዋል። ለሱሑር የተሠራው ምግብ ለልጁ ቁርስና ምሳ ተከድኖ ቢቀመጥ፣ የጾመኛዋን እናት ድካም ሳይጨምር ልጁን ያስተርፋል።

ከኢማሙና ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የልጅ ምግብ የእናት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አመለካከት ኢማሙ በኹጥባው ሊያርመው ይችላል። ከላይ የጠቀስነው የበቀራ አንቀጽ ከሁለት ዓመት በፊት ጡት ማስጣልን እንኳ ከባልና ሚስት ስምምነትና ምክክር ጋር አያይዞታል። ጡት ማስጣል ምክክር ካስፈለገው፣ ከዚያ በኋላ የሚበላውም ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ በኒካሕ ጊዜ ስለ ነፈቃ የሚሰጠው ምክር እርጉዟንና አጥቢዋን እናት በስም ቢያነሣ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የዜሮ ክፍልና የቁርአን ቤት መምህር የምሳ ዕቃ ሲከፈት ለሚናገረው ቃል ይጠንቀቅ። ድሃውን ልጅ በሽሮው ማሳፈር ምግብን ማንቋሸሽ ነው። በርች በ1980 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ ልጆች የጠሉትን አትክልት ከሚወዱ እኩዮቻቸው ጋር ለጥቂት ቀናት ሲቀመጡ ምርጫቸውን ለውጠዋል፤ ስለዚህ መምህሩ አብሯቸው ተቀምጦ ቢስሚላህ ብሎ ቢጀምር ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ልጅን በሶላት ማዘዝ የተነገረው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ ትእዛዝ የሚያንስበት፣ ማየት የሚበዛበት ነው። በሐበሻ ተወለደ የተባለው ያ ልጅ ዕድሜ ልኩን የጸናበትን አደብ ያገኘው፣ አንድ ቀን ታላቅ ሰው በማዕዱ አጠገብ ቦታ ስለሰጠው ነው። በሉማሜም ሆነ በሌላ ሥፍራ ያለ አባት ዛሬ ማታ ልጁን ከጎኑ ቢያስቀምጥ፣ ከእርሱ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ሥራ ተጀምሯል። ወላሁ አዕለም።