የእህል እገዳና የመካነ ሰላም ገበሬ

የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋ ቁጥር መንግሥታት ወደ ክልከላ ይሮጣሉ። አሜሪካ በ1930 እ.ኤ.አ. በስሙት-ሃውሊ ሕግ ቀረጧን ስትቆልል ብዙ አገሮች አጸፋውን መለሱ፤ ንግዱም ይበልጥ ኮሰመነ። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ የሚነሳው ባብዛኛው የገቢ ዕቃ ነው። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላና በለጋምቦ ደጋ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ለሚያመርተው ገበሬ ግን ቅርብ የሆነው የወጪ እህል እገዳ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የምግብ ዋጋ በዓለም ሲንር ሕንድና ቬትናም የሩዝ ሽያጫቸውን ገደቡ። ማርቲንና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ በዚያ ወቅት ከሩዝ ዋጋ ጭማሪ 45 በመቶ፣ ከስንዴው ደግሞ 30 በመቶ ያህሉ አገሮች ራሳቸውን ለመከላከል ከወሰዱት እርምጃ የመጣ ነው። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. ጤፍ እንዳይወጣ አግዳ፣ በ2000 እገዳውን ወደ ሌሎች የብርዕና የአገዳ እህሎች አሰፋችው። ሆኖም የዋጋ ንረቱ በዚያው ክረምት ከ60 በመቶ በላይ ደረሰ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የአገር ውስጥ ስንዴ ከውጭ ከሚመጣው በላይ ተወድዶ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ማንም ነጋዴ እህል ይዞ አይወጣም። ያጠረው የውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ስንዴ ማስገባት የፈለገ ነጋዴ ዶላር አጣ። እገዳው በሽታውን ሳያገኝ መድኃኒት ሰጠ ማለት ነው።

«ወሎ ግን እህል ሲወጣ መራቡን አይተናል» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩ ከባድ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ስለ 1965ቱ ረሃብ ሲጽፉ፣ ወገን እየተራበ ከወሎ እህል ይወጣ እንደነበር አንስተዋል። ያው ማስረጃ ግን የደሴ ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ ያሳያል፤ የተራበው መግዣ ስላጣ ነው። ለዚህ የሚበጀው በገንዘብ የሚደግፍ ሴፍቲኔት ነው። መንገድ መዝጋትማ በደርግ ጊዜ በኬላና በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ተሞክሮ፣ ትርፍ ያመረተውን ገበሬ ዋጋ ነሥቶታል። በክረምት እህል የሚሸምት ደሃ ገበሬ በደጋው መኖሩንም አልዘነጋም፤ ለእሱ አጭር እገዳ ለጊዜው እፎይታ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበኝ ጊዜያዊ የተባለው ዓመታት መቆየቱ ነው፤ የጤፉ እገዳ ቀውሱ ካለፈ በኋላም ዘልቋል፤ የተጋገረ እንጀራ ግን ይወጣ ነበር፤ ጥሬውን የሚሸጠው ገበሬ ከዚያ ገበያ በቀጥታ አልተካፈለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ገቢ ዕቃዎች ላይ የተጣለው ክልከላም የተነሳው በሐምሌ 2016 ነው። ወደፊት እገዳ የሚያውጅ አካል ማብቂያ ቀኑን አብሮ ይወስን፤ ገበሬው ለሚያጣው ገቢም ማካካሻ ያኑር።