በ300 ፊደል የተጻፈ ልብ ወለድ

ቻይንኛ የሚማር ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ለፍቶ ጋዜጣ ሲዘረጋ ከርዕሱ ማለፍ ያቅተዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ወደ ጋዜጣው የሚያሻግረው ንባብ አጥቶ ነው። ይህ የአፍሪካ ተማሪም ጉዳይ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቻይንኛ ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በምርጫ እንዲሰጥ ፈቅዳለች። ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ ባለችው ዳቬይተን የሚኖር ልጅ ቤቱ ዙሉ ተናግሮ፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ ቻይንኛ ቢጨምርበት ምን ያነባል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ የሚያጠናው ተማሪም፣ ዳቬይተን ሱቅ ከፍቶ ከቻይናውያን አከፋፋዮች ዕቃ የሚያመጣው ያገራችን ሰውም ያው ጥያቄ አለባቸው።

የኛ ፊደል አንባቢውን ያግዘዋል፤ የቃሉን ፍቺ ባያውቅ እንኳ ያነበንበዋል። በቻይንኛ ያልተማሩት ፊደል ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ፊደሉ ውስጥ የድምፅ ፍንጭ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ቢሆንም ሁልጊዜ አይታመንም። በቃላት መካከልም ክፍት ቦታ የለም፤ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አንባቢው ራሱ ይለያል። ስለዚህ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅ ቃላትንና ፊደላትን ለየብቻ ይቆጥራል። «እሳት»ን እና «ተሽከርካሪ»ን የሚያውቅ ተማሪ ሁለቱ ተጣምረው «ባቡር» ሲሆኑ አዲስ ፊደል አልመጣበትም፤ አዲስ ቃል ግን መጥቶበታል።

ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ ተማሪዎች ላይ ቢሠራም፣ ለዚህ ሥራ መለኪያ ሆኗል፤ ያለ እገዛ በቂ ግንዛቤ ለማግኘት ከ100 ቃል 98ቱ መታወቅ አለበት። የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «ቻይኒዝ ብሪዝ» የተባለ ተከታታይ የንባብ መጽሐፍ ከ300 ቃል ተነስቶ በስምንት ደረጃ እስከ 4,500 ይወጣል። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ «ማንዳሪን ኮምፓኒየን» የተባለው ሌላ ተከታታይ ነው። የ«ደረጃ 1» መጻሕፍቱ በ300 ያህል ፊደላት ይጻፋሉ። የሼርሎክ ሆምስን የቀይ ጸጉራሙን ሰው ታሪክ ሲወስዱ ነገሩን ሻንጋይ አደረጉት፤ ቀይ ጸጉር በቻይና ብርቅ ነውና ባለጉዳዩን ጸጉረ ጥቅልል አደረጉት። ምስጢሩና ፍለጋው ግን እንዳለ ነው፤ ተማሪው ፊደል መቁጠሩን ትቶ «ታዲያ ቀጥሎ ምን ሆነ?» እያለ ይገልጣል።

ለኛ ተማሪዎችም እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። የግርጌ መፍቻው በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ቻይንኛ መድረስ ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል። ታሪኩም የዱከም ፋብሪካ ሠራተኛን፣ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተሳፋሪን፣ የጆሃንስበርግ ነጋዴን ይያዝ። ደራሲው ቃላቱን አስቀድሞ ይወስን፤ አዲስ የሚያስገባውን ቃል በጥቂት ገጾች ውስጥ ደጋግሞ ይመልሰው። ረቂቁን ለተማሪዎች ሰጥቶ ዓይናቸው የት እንደሚቆም ይከታተል፤ የቆሙበትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጻፈው።

ፒንዪን የተባለውን የላቲን አጻጻፍ በየመስመሩ ላይ መደርደር ግን ጉዳት አለው፤ ዓይን ወደሚቀለው ስለሚሄድ ፊደሉ ሳይነበብ ያልፋል። በአዲሶቹ ቃላት ላይ ብቻ ቢቀመጥ ይበቃል። የድምፅ ቅጂ ግን ሙሉውን ይኑር፤ የቻይንኛ ፊደል የቃሉን ቃና አያሳይም፣ ቃናው ሲሳት ደግሞ ትርጉሙ ይለወጣል።