ሐረር ላይ የሚከፈል

እ.ኤ.አ. በ1886 መግቢያ አንድ ፈረንሳዊ ታጁራ ላይ ተቀምጦ ግመል ይጠብቅ ነበር። ታጁራ ያን ጊዜ ጥቂት መስጊዶች፣ ጥቂት ዘንባባዎችና ግብጾች ትተውት የሄዱ ምሽግ ያላት የአፋር መንደር ነበረች። ሰውየው ገና 31 ዓመቱ ነበር። ያ ፀሐይ ግን ዕድሜ አይጠይቅም፤ ፀጉሩ መሸበት ጀምሮ ነበር። አብሮት 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት አለ። ገዢውም ታውቋል፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። ያልታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ብረት ከባሕር ዳር ተነሥቶ አንኮበር የሚወጣው በምን መንገድ ነው?

ሒሳቡ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምር ነበር። የአውሮፓ ጦሮች ከኋላ በሚጎርስ ጠመንጃ ከታጠቁ ወዲህ አሮጌው መሣሪያ ቤልጅግ አገር፣ ሊዬዥ ከተማ፣ በቁራጭ ብረት ነጋዴዎች መጋዘን ተከምሯል። ከአፈሙዙ የሚጎረስ፣ ቃታው ትንሽ የናስ ቆብ ላይ ሲወርድ የሚተኩስ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ጠመንጃ ነው። እዚያ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣል። ሸዋ ሲደርስ 40 ፍራንክ ይሸጣል ተባለ። ፈረንሳዊው ይህን ለቤተሰቡ በደብዳቤ ሲያስረዳ እንደ ቀልድ የቀለለ ነገር አድርጎ ነበር የጻፈው።

(የአያቶቻችንን ጠመንጃዎች ስም ያስተዋለ ሰው የዚያን ዘመን ገበያ እግረ መንገዱን ያነባል። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ አገሩን በስሙ ይዞ ገብቷል። የሊዬዡ ጭነት ግን ስም የሚወጣለት ዓይነት አልነበረም።)

ሥራውን ያመጣው ሌላ ሰው ነበር። ፒዬር ላባቱ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ሸዋ ውስጥ ዓመታት ኖሯል፣ አግብቷል፣ ምኒልክንም ያውቃል። ሁለቱ ኤደን ላይ በጥቅምት 1885 ተዋዋሉ። ላባቱ አገሩንና ቋንቋውን፣ ወጣቱ ጉልበቱንና ያጠራቀማትን ገንዘብ አዋጡ። በጥቂት ወር ውስጥ አንኮበር ደርሰው እንደሚመለሱ ተማምነው ነበር።

ግመል ግን አልተገኘም። የአፋር ግመል አከራዮች የሚቸኩሉበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ቸኳዩ ነጋዴው ነው። ወሩ በወር ላይ ተደረበ። በመጨረሻ ግመሉ ሊገኝ ነው ሲባል ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከኦቦክ መልእክት መጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ተስማምተው በዚያ ባሕር ዳር በኩል መሣሪያ እንዳያልፍ ከልክለዋል።

ሁለቱ ሸሪኮች ሚያዝያ 1886 ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ረዘም ያለ አቤቱታ ጻፉ። ዕቃው የታዘዘው ክልከላው ሳይወጣ በፊት ነው፣ ንጉሡ ይጠብቃሉ፣ ጠመንጃው ቢቀር ፈረንሳይ ስሟ ይጠፋል የሚል ነበር ነገሩ። ፈቃዱ መጣላቸው። ፈቃዱ ሲመጣ ግን ላባቱ ታሟል። በሽታው ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወደ አገሩ ተሳፈረ፤ እዚያው ሞተ።

ብቻውን የቀረው ሰው ሌላ አጋር ፈለገ። ፖል ሶሌዬ የሚባል የታወቀ አገር አሳሽ እሱም የጠመንጃ ጭነት ይዞ ታጁራ ላይ ተቀርቅሮ ነበርና ሁለቱ ሲራራዎች አንድ ላይ ቢወጡ ይሻላል ተባባሉ። የሚፈሩትም ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ባራል የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከነሚስቱና ከነአጃቢዎቹ በረሃው ላይ ተገድሎ ወሬው ባሕር ዳሩን ሁሉ አስደንግጧል። ብዙ ሆኖ መሄድ መልካም ነበር። መስከረም ላይ ሶሌዬ ኤደን ውስጥ በድንገት ሞተ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን በተገኘው ዋጋ ጥሎ ይመለስ ነበር። ይህ ሰው ግን እልኸኛ ነበር፤ ከገንዘቡም ይልቅ እልኹ ይመስለኛል የነዳው። በጥቅምት 1886 ግመሎቹን ጭኖ ብቻውን ወጣ።

ከአሰል ሐይቅ ጀምሮ ያለው መንገድ ውኃ የራቀው፣ ጥቁር ድንጋይና ነጭ ጨው የሆነ አገር ነው። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል 150 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ፈረንሳዊው ይህን ምድር ሲያይ የጨረቃ ገጽ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ። ያለፉበት ጎሣ ሁሉ የማለፊያ ይጠይቃል፤ መንገድ መሪው አባን ይከራከራል፤ ይከፈላል፤ ደግሞ ይኬዳል። አዋሽን ተሻግረው የሸዋ ደጋ ግንብ ከሩቅ ሲታይ አራተኛው ወር ገብቶ ነበር። የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ደረሰ።

ንጉሡ የሉም።

ጠመንጃ የያዘው ሰው በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ምኒልክ ወደ ምሥራቅ ዘምተው በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል። ከዚህም ሌላ አንኮበር የነበረችው አንኮበር አይደለችም። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነው፤ እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ግርጌ ፍልውኃው ዳር፣ ባለፈው ኅዳር፣ አዲስ አበባ ብለው ለሰየሟት መንደር ልባቸውን ሰጥተዋል። ነጋዴው ያልሞላ ከረጢቱን ይዞ እንደገና ተነሣ። አንኮበር ላይ ያገኘው ዡል ቦሬሊ የተባለ የአገሩ ሰው፣ ዓረብኛ የሚያውቅ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር፣ ድካም የማያውቅ ሰው ነው ሲል በማስታወሻው ላይ አስፍሮታል።

እንጦጦ ሲደርስ ግን ከንጉሡ በፊት አበዳሪዎች ተቀበሉት። ሟቹ ላባቱ በሸዋ ያልተበደረው ሰው ያለ አይመስልም ነበር። የላባቱ ሚስትም መጣች፤ የባሏ ሸሪክ ከሆነ የባሏን ሀብት ይቁጠርላት። ክርክሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ፈረንሳዊው የሟቹን ቤት ሲፈትሽ እጁ የገባው ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም፤ ላባቱ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈባቸው 34 ደብተሮች ግን ነበሩ። ተናዶ እሳት ውስጥ ከተታቸው። የቤትና የመሬት ወረቀቶች በመካከላቸው እንደነበሩ የተነገረው ከተቃጠሉ በኋላ ነው። (ለእኔ ከዚህ ሁሉ ጭነት የከፋው ኪሳራ ይኸኛው ነው። አንድ ነጋዴ በምኒልክ ሸዋ ያየውን 34 ደብተር ሙሉ ጽፎ፣ ሌላው ነጋዴ በአንድ ምሽት አመድ አደረገው።)

መጋቢት ላይ ምኒልክ ገቡ። ከፊታቸው ሐረር ላይ የተማረከ የግብጽ መለከት ይነፋል፤ ከኋላቸው በሰው ሸክም ሁለት የክሩፕ መድፍ ይመጣል። ፈረንሳዊው ይህን ሰልፍ ቆሞ አየ። መድፍ ማርኮ የመጣ ንጉሥ ከሊዬዥ ቁራጭ ብረት ምን ሊፈልግ እንደሚችል ያን ጊዜ ሳይገባው አልቀረም።

ምኒልክ ጠመንጃ ያውቁ ነበር። ሬሚንግተን ምን እንደሚያወጣ፣ በናስ ቆብ የሚተኩስ ምን እንደሚያወጣ ለይተው ያውቃሉ። አንድ በአንድ መቸርቸር አይፈቀድም፤ ሁሉም በአንድ ዋጋ ይገዛል፤ እምቢ ካለ በራሱ ወጪ ወደ ባሕር ይመልሰው አሉት። ለጠቅላላው 14,000 ማርትሬዛ ብር ቆረጡ። ከዚያ ላይ ለግመል ኪራይና ለመንገድ 2,500 ተነሣ። ላባቱ ለንጉሡ አለበት የተባለው 3,000 ተነሣ። ነጋዴው ተዘረፍኩ ብሎ እስከ ካይሮ ድረስ አማረረ። 7 ፍራንክ የገዛውን 40 ሊሸጥ የመጣ ሰው ስለ ዝርፊያ ሲናገር መስማት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

የቀረውስ ገንዘብ? እንጦጦ ላይ ብር አልነበረም። ዘመቻው ግምጃ ቤቱን አራቁቶታል። ንጉሡ ለነጋዴው የሰጡት ወረቀት ነው፤ ክፈለው የሚል ትእዛዝ፣ ለአዲሱ የሐረር ገዢ ለደጃዝማች መኮንን።

ዋጋው ሐረር ላይ የሚከፈል ሆነ። ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

ብሩን በእጁ ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ በመጣበት በረሃ ተመልሶ ታጁራ ይወርድ ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ባለቀ። ወረቀቷ ግን ወደ ምሥራቅ ጎተተችው። ከእንጦጦ በቀጥታ ሐረር የሚያደርስ መንገድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ። በምንጃር ወርዶ አዋሽን ተሻግሮ፣ በኢቱ ኦሮሞ አገርና በጨርጨር ደጋ በኩል ያልፋል። የምኒልክ ጦር ከጥቂት ወራት በፊት የተመለሰበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፈረንጅ አልፎበት ያየውን የጻፈ አልነበረም፤ በካርታቸው ላይ ቦታው ባዶ ነበር።

ግኝት የሚለው ቃል እዚህ ጋ ትንሽ ያስቸግራል። የኢቱ እረኛ መንገዱን ከነምንጩ ያውቀዋል፤ የሐረር ነጋዴም እንዲሁ። ያልነበረው የሚያውቁትን በቀንና በኪሎሜትር ለክቶ ወደ ባሕር ማዶ የሚያደርስ ሰው ነበር።

ግንቦት 1 ቀን 1887 ፈረንሳዊውና ቦሬሊ አብረው ከእንጦጦ ወጡ። ቦሬሊ መሣሪያዎቹን ይዞ ይለካል። ነጋዴው በየማታው ጥቂት መስመር ይጽፋል፤ ዛሬ ይህን ያህል ተጓዝን፣ ውኃ እዚህ አለ፣ እንጨት እዚያ አለ፣ ይህ ወንዝ ክረምት ይሞላል። ቆላው አልፎ ጨርጨር ላይ ሲወጡ ጫካው ጥቅጥቅ አለ፣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ማሳ ታየ። ታጁራ ያለውን ድንጋይና ጨው ለአራት ወር የረገጠ ሰው በዚህ መሐል ሲያልፍ ምን እንዳሰበ ማሰብ አያዳግትም። ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ሐረር ገቡ።

ያ ሁሉ የታጁራ ጭንቅ፣ ያ ሁሉ የግመል ጥበቃ፣ ለካስ መንገዱ ሌላ ነበር።

ደጃዝማች መኮንን ወረቀቷን አዩ። እሳቸውም ብር አልነበራቸውም። ምጽዋ ባሉ ነጋዴዎች ላይ ሌላ ወረቀት ጻፉለት። ምጽዋ ሲደርስ የይለፍ ወረቀት የለህም ተብሎ ተያዘ፤ የፈረንሳይ ቆንስል ይህ ማነው ብሎ ወደ ኤደን እስኪጽፍ ድረስ ቆየ። ነሐሴ ላይ ካይሮ ገባ። ወገቡ ላይ በታጠቀው ቀበቶ ውስጥ ከ16,000 ፍራንክ በላይ ወርቅ ነበረ፤ 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሆዴንም አሳመመኝ ብሎ ለቤተሰቡ ጻፈ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በእጁ ያለውም ሲጀምር ከነበረው እምብዛም አይበልጥም።

ከዚያ ብዕር አነሣ። የቦሬሊ ወንድም ካይሮ ውስጥ «ለ ቦስፎር ኤጂፕሲየን» የሚባል ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበርና ነሐሴ 25 እና 27 ቀን 1887 የነጋዴው ረጅም ደብዳቤ በሁለት ክፍል ወጣ። የምኒልክ ሰልፍ፣ የጨለንቆ ጦርነት፣ የአፋር በረሃ፣ የሸዋ ገበያ ሁሉ አለበት። ሸዋን ከባሕር የሚያገናኘው መንገድ በሐረር በኩል የሚያልፈው ነው የሚለውም አለበት። የየቀኑን ጉዞ ዝርዝር ደግሞ ለቀድሞ አሠሪው ለአልፍሬድ ባርዴ ላከለት፤ ባርዴ ፓሪስ ላለው የጂኦግራፊ ማኅበር አስተላለፈ፤ ማኅበሩም በዚያው ዓመት አሳተመው።

ቦሬሊ ከዚያ በኋላ ወደ ጊቤና ወደ ጂማ ዘለቀ፤ የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁና ዝባዱ ወደ ሸዋ ወደሚመጣበት ወገን። ነጋዴው ግን ወደ ምዕራብ አልሄደም። በ1888 ሐረር ተመልሶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። እንጦጦ ላይ የተዋወቀው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1894 ከምኒልክ የባቡር ፈቃድ ተቀበለ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በዚያው በምሥራቁ አቅጣጫ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አድርጎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ነጋዴው ይህን አላየም። በኅዳር 1891 ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ በ37 ዓመቱ ሞቷል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ስሙ። ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ በነበረበት በ1886፣ ፓሪስ ውስጥ «ላ ቮግ» የሚባል ትንሽ መጽሔት ከሃያ ዓመቱ በፊትና በዚያው ገደማ ጽፏቸው የተዋቸውን ሥራዎቹን ማተም ጀምሮ ነበር። አንባቢዎቹ ገጣሚው ሞቷል ብለው ያምኑ ነበር። በዓመቱ የጂኦግራፊ ማኅበሩ የእንጦጦንና የሐረርን መንገድ፣ ከነወንዙና ከነኪሎሜትሩ፣ በዚያው ከተማ አተመ። ከዝርዝሩ አጠገብ የሰፈረው የነጋዴው ስም አርተር ራምቦ ይላል።