ሣርም ይተነፍሳል፦ የግቢ መስክን የማናፈስ ጥቅም

ሣር ሲገረጣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ውኃ ነው፤ ቀጥሎ ማዳበሪያ። ጎማው ይዘረጋል፣ ዩሪያ ይበተናል፣ ሣሩም ለጥቂት ሳምንታት ያገግምና መልሶ ይገረጣል። እንዲህ እየተመላለሰ የሚያስቸግር መስክ ብዙውን ጊዜ የታመመው ከሥሩ ነው፤ አፈሩ ተረግጦ ታፍኗል።

ለሣር የሚስማማ አፈር ግማሽ ያህሉ ክፍት ቦታ ነው፤ ከዚያም ግማሹን ውኃ፣ ግማሹን አየር ይይዘዋል። ሥር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሰው ሲመላለስበት፣ መኪና ሲቆምበት፣ ይልቁንም አፈሩ ርጥብ ሳለ ሲረገጥ፣ ክፍተቶቹ ይደፈናሉ። ጉዳቱ የሚበረታው ከላይ ባሉት ጥቂት ሴንቲሜትሮች ላይ ነው፤ የሣር ሥር የሚበዛውም እዚያው ነው። ውኃ መስረግ ትቶ ወደ ቦይ ይወርዳል። ፎስፈረስ ደግሞ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ላይ የተበተነው ላይ ይቀራል።

በአዲስ አበባ ነገሩ ይብሳል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ አየር ቢያስገባም ሥር ይበጥሳል። አዲስ ቤት የተሠራበት ግቢ ሌላው ችግረኛ ነው፦ ሲኖትራክ አሸዋና ጠጠር ሲያራግፍበት የከረመ መሬት ላይ ስስ ለም አፈር ይነሰነስና ሣር ይተከላል። እንዲህ ያለ ሣር በዓመቱ ቢመነምን ሊያስገርመን አይገባም።

መፍትሔው መሬቱን መብሳት ነው፤ አበሳሱ ግን ለየቅል ነው። ሹል ብረት ወይም ባለ ጥርስ ጫማ አፈሩን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም፤ በሸክላማ አፈር ላይ የቀዳዳው ግድግዳ ጭራሽ ሊጠቀጠቅ ይችላል። እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ውስጡ ክፍት የሆነ የቱቦ ጥርስ ነው፤ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ጠልቆ የአፈር እንክብል ነቅሎ ያወጣል። ለጎልፍ ሜዳ የሚሆን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ያቀረበው ቶም ማስካሮ ነበር፤ ዛሬ ከስታዲየም እስከ መኖሪያ ቤት የሚሠራበት ዘዴ በዚያው መንገድ የቀጠለ ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱን ማየት ይበጃል። 1.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በየ10 ሴንቲሜትሩ ቢበሳ፣ የተነካው መሬት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በየ5 ሴንቲሜትሩ ሲሆን ግን ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። አንድ ጊዜ ማሽን አሳልፎ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የበሳው በቂ ስላልሆነ ነው፤ ክፉኛ በተረገጠ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ ማለፍ ያስፈልጋል።

የወጣው እንክብል ግቢውን ቢያቆሽሽም አይጠረግ። ሲፈራርስ በሣሩ ግርጌ በተከማቸው የሞተ ሥርና ግንድ ላይ ይበተናል፣ አብሮትም ያን ክምችት የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕዋሳት ይደርሳሉ። ይህ ክምችት ከ1 ሴንቲሜትር ተኩል ሲበልጥ ውኃና አየር ይከለክላልና ትንሽ ነገር አይደለም። በቀዳዳው ውስጥ የበሰለ ኮምፖስት ማስገባት መልካም ነው። በዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ መቀላቀልን ግን አልመክርም፤ አፈሩን ሊያጠነክረው ይችላል።

መሬቱን የመብሳቱን ሥራ በነጻ የሚሠራልን የምድር ትል ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው መጽሐፍ ትሎች አፈርን እንዴት እንደሚገለብጡ የሚተርክ ነው። ግቢ ላይ ያለ ጥንቃቄ የሚረጭ ፀረ ተባይ እነሱንም ይፈጃል።

ጊዜውን የሚወስነው የሣሩ ዓይነት ነው፤ መበሳት ያለበት በሚያድግበት ወቅት ነው፣ ቁስሉ ቶሎ እንዲጠግግ። ሰርዶና ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የተገኘው ኪኩዩ ሙቀትና ርጥበት ሲያገኙ ይገፋሉ፤ ለእኛ አገር የዝናቡ መግቢያ ወይም የመስከረም ብራ ይስማማል። ሐምሌና ነሐሴ ውኃ በቋጠረ ዋልካ ላይ ማሽን መንዳት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን ግቢ በአብዛኛው ፌስኪው የሚባለው የብርድ ወቅት ሣር ነው፤ የእሱ ጊዜ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፣ በዚያው ሰሞን ዘር መጨመርም ይቻላል።

ሁሉም ሣር በየዓመቱ መበሳት አያስፈልገውም። አሸዋማ መሬት ላይ ያለና የማይረገጥ መስክ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በዛፍ ጥላ የሚሰቃየውንም ቀዳዳ አያድነውም። አዲስ የተተከለ ሣር ሥር እስኪሰድ ይታገሡት፤ ከመብሳትዎ በፊትም የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንዳለ ይወቁ።

ዘንድሮ ማዳበሪያ ከመግዛትዎ በፊት መሬቱን ያጠጡና በማግስቱ ረጅም ካቻቢቴ በእጅዎ ይትከሉበት። ያለ ትግል ከገባ አፈሩ ደህና ነው፤ እምቢ ካለ ግን ገንዘቡን ለማዳበሪያ ሳይሆን ለማናፈሻ ያውሉት።