ያውቁ ኖሯል? በዳውንታውን ሎስ አንጀለስ የቻይና ማዕድ

የዛሬው የሎስ አንጀለስ ቻይናታውን ሁለተኛው ነው። የቀድሞው ሰፈር የፈረሰው ለዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ቦታ ለመልቀቅ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን አልተበተኑም፤ በፒተር ሱሁ አስተባባሪነት ገንዘብ አዋጥተው መሬት ገዙና በሰኔ 1938 (እ.ኤ.አ.) አዲሱን አደባባይ ከፈቱ። በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ስም ያገኘው የፌርፋክስ ሰፈራችን ከዚህ ታሪክ ብዙ የሚማረው አለ።

ምግቡ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ቻይናው የካንቶን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ የቀደሙት ስደተኞች የመጡት ከዚያ ነውና። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለሌሎችም በር ሲከፍት የሲቹዋን ቅመም ገባ። በ1977 ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው ያንግ ቻው ምግብ ቤት እስከ ዛሬ የሚታወቀው ጣፋጭና የሚያቃጥል ሶስ በለበሰው የተጠበሰ ሽሪምፑ ነው።

በርበሬ ወደ ሲቹዋንም ወደ አገራችንም የገባው ከ1492 በኋላ፣ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ምላስ የሚያደነዝዘው የሲቹዋን ቅመም ግን በርበሬም ቁንዶ በርበሬም አይደለም፤ ከሎሚና ከብርቱካን ቤተሰብ የሆነ ተክል የፍሬ ልጣጭ ነው።

ለጿሚ አንድ ማሳሰቢያ፦ ማፖ ቶፉ ከአኩሪ አተር ቢሠራም አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ የአሳማ ወይም የበሬ ሥጋ ይገባበታል። አትክልቱም በዶሮ መረቅ ወይም በኦይስተር ሶስ ሊሠራ ስለሚችል ሦስቱንም ለይተው ይጠይቁ። ሩዙ ነጩ ይሁንልዎ፤ የተጠበሰው ሩዝ እንቁላል አያጣም።