የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ፦ ሰደፉና ጎራሹ ስንት ያወጣሉ?

በባሕር ዳር የሰሊጥና የበርበሬ ዋጋ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቢሆን የሚደነቅ ነጋዴ የለም። የጣና ዓሣም ቢሆን ጾም ሲገባና ፍስክ ሲሆን ዋጋው አንድ አይደለም። የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ግን እንዲህ አይዋዥቅም። ሠላሳና አርባ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር ባለበት ይቆያል። አንድ ቀን ባለቤቱ ‹‹ላሳምረው›› ብሎ አናጺ ቤት ያስገባው እንደሆነ ነው በግማሽ ቀን የሚወድቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከአያቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለው እንበል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። የጥይት ካርታው ወይ ጠፍቷል ወይ ተጣሟል። ወራሹ አዲስ ሰደፍ ያስጠርባል፣ ቫርኒሽ ያስቀባል፣ ከሌላ ጠመንጃ የተነቀለ ካርታ በሞረድ እያስሞረደ ያስገጥማል። ለእንጨቱም ለእጁም ከፍሎ ሲያበቃ ጠመንጃው ዐይን ይስባል፤ ዋጋው ግን ከገባበት ቀን ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ብልጥ ደላላ አዲሱን ሰደፍ አይቶ እንኳ አያደንቅም፤ የሚጠይቀው ‹‹አሮጌው የት ተጣለ?›› ብሎ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሕጉ አንድ ቃል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል። መሣሪያው አሮጌ ነው፣ የአባት ነው ማለት ከዚህ አያወጣም። በሐይቁ ዳር ሎጅና ሆቴል የሚሠሩ ባለሀብቶችም ለጌጥ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን ሲሉ ይህንኑ ማሰብ አለባቸው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት የተነሣ የሚተኩስ መሣሪያን ዋጋ የሚተምነው ገበያ ሳይሆን ሥጋት ሆኗል። ስለዚህ ‹‹ታጣፊው ስንት ገባ፣ ባለ እንጨቱ ስንት ገባ›› የሚለው ወሬ የዚህ ገጽ ጉዳይ አይደለም። የምናወራው በየቤቱ ስላለው፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ወዲህና ወዲያ ስለሚደርሰው የጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ ነው።

ትርፍ ዕቃ ማለታችን ያለ ነገር አይደለም። የአውሮፓ መንግሥታት አዲስ ጠመንጃ ባወጡ ቁጥር አሮጌውን የሚያራግፉት ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ በ1879 ዓ.ም ወደ ምኒልክ ያመጣው ቤልጅግ አገር ሊየዥ ላይ የተገዛ ጊዜ ያለፈበት ጠመንጃ ነበር። ንጉሡ ዕቃውን አይተው ዋጋውን ቆርጠው ገዙት፤ ክፍያውንም ሐረር ከራስ መኮንን እንዲቀበል አዘዙለት። ነጋዴው ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ። የአሮጌ ጠመንጃ ገበያ ከጥንትም ቢሆን ለሻጭ የሚያደላ አልነበረም።

ጎንደሬና ጎጃሜ ጠመንጃን የሚጠራው በስሙ ነው፤ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን፣ ዲሞትፈር፣ ጓንዴ። ውጅግራ ከፈረንሳይኛው ‹‹ፉዚል ግራ›› የመጣ ስም ነው። የሚጎርሰውን ጥይት ቆጥሮ ‹‹አምስት ጎራሽ››፣ ‹‹አሥር ጎራሽ›› ማለትም አለ። ለዋጋ ትመና ከፋብሪካው ስም ይልቅ ይኸኛው አጠራር ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ጠመንጃ ሕመም የሚጀምረው ከሚጎርስበት በኩል ነው።

ውጅግራ አንድ ጎራሽ ስለሆነ ካርታ የሚባል ጣጣ የለበትም። ጣጣው የሚጀምረው ከጣሊያኑ ቬተርሊ ነው። ይህ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲወጣ አንድ ጎራሽ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ጣሊያኖች ሆዱን ፈልፍለው፣ እንጨቱን ቆርጠው፣ ቪታሊ የሚባለውን አራት ጥይት የሚይዝ ሣጥን ገጠሙበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ ላይ ከተሰለፉት የጣሊያን ወታደሮች ብዙዎቹ የያዙት ይህንኑ ነበር። አዲሱ ካርካኖ እያለ ይህ የሆነው በመጋዘን የተከማቸው የቬተርሊ ጥይት እንዲያልቅ ታስቦ ነው ይባላል። ቁጠባው የት እንዳደረሳቸው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ቬተርሊን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። እንጨቱ የተቆረጠ፣ ሆዱ የተፈለፈለ ጠመንጃ ነው፤ ሆኖም ሰብሳቢዎች በዚህ የተነሣ ዋጋ አይቀንሱበትም። የቆረጠው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው፤ ሥራው ወጥ ነው፤ ለውጡ ራሱ የጠመንጃው ታሪክ ነው። ይኸው ቬተርሊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደገና ተለውጦ በአፈሙዙ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶበት፣ ስድስት ጎራሽ ተደርጎ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲተኩስ ተደርጓል። መቀርቀሪያው የተሠራው ግን ለጥቁር ባሩድ ነበር። አዲሱ ጥይት የሚፈጥረውን ግፊት ይችላል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ጥቂት ነው። ይህ ዓይነቱ ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ቢተወው ይሻለዋል። መንግሥት የሠራው ማሻሻያ እንዲህ ከሆነ የሰፈር ቀጥቃጭ የሚሠራው ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱት።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ወረራ ጣሊያን ባሕር ዳርም ጦሩን አስፍሮ ነበር፤ ሲወጣ የተወው ካርካኖ በየአርበኛው ቤት ቀረ። (ለባሕር ዳር የተረፋት ሌላው የጣሊያን ነገር በጦር ካሣው ገንዘብ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው።) ካርካኖ የሚነቀል ካርታ የለውም። ስድስቱ ጥይት በአንድ የቆርቆሮ ማቀፊያ ታቅፎ ከነማቀፊያው ከላይ ይገባል፤ የመጨረሻው ጥይት ወደ አፈሙዙ ሲያልፍ ማቀፊያው በሆዱ ቀዳዳ በኩል ወደ መሬት ይወድቃል። ስለዚህ አርበኛው በተኮሰ ቁጥር ማቀፊያውን ከሣር ውስጥ መልቀም ነበረበት። ማቀፊያ የሌለው ካርካኖ ስድስት ጎራሽነቱ ቀርቶ አንድ ጎራሽ ሆኗል ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ‹‹ጭቃ ያስገባል›› ብሎ የሆዱን ቀዳዳ በቆርቆሮ ይደፍነዋል። ጭቃ ማስገባቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማቀፊያው መውጫ ሲያጣ እዚያው ይሰነቀራል።

ለዚህ ጠመንጃ ከወጪ ሁሉ የሚያዋጣው አንድና ሁለት ትክክለኛ ማቀፊያ አግኝቶ ከጠመንጃው ጋር ማስቀመጥ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ እንጨት አይቆረጥበትም፣ ብረት አይሞረድበትም። የካርካኖን ርካሽነት ዓለም የሚያውቀው በክፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ካርካኖ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ በፖስታ ታዝዞ የመጣው በ19 ዶላር ከ95 ሣንቲም ነበር፤ የፖስታው ሒሳብ 1 ዶላር ከ50 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን የፖስታ ግዢ አስቀረ።

አምስት ጎራሽ ከሚባሉት የተከበረው የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው ሞዘር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጦርነቱ በፊት ካስመጧቸው ውስጥ የአንበሳ ምልክት የተመታባቸው አሉ። የሞዘር አምስት ጥይት በሆዱ ውስጥ በግራና በቀኝ ተደርድሮ ስለሚቀመጥ ከእንጨቱ በታች የሚወጣ ሣጥን የለውም። ውጭ አገር ይህን ሆድ አስወጥተው አሥር ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካርታ የሚገጥሙ አሉ፤ አንበሳ ለተመታበት ሞዘር ይህን ማድረግ ግን ገንዘብ ከፍሎ ገንዘብ ማጥፋት ነው። ሞዘር ‹‹አልጎርስ አለ›› ሲባል ብዙ ጊዜ ችግሩ ሆዱ አይደለም። ብረቱንና እንጨቱን የሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ በኋለኛው ብሎን ዙሪያ እንጨቱ እንዳይጨመቅ የሚደግፍ ትንሽ የብረት ቀለበት አለ። እሷ ከጠፋች ባለቤቱ ብሎኑን ባጠበቀ ቁጥር እንጨቱ እየተጨፈለቀ ይሄድና ሆዱ ወደ ላይ ተገፍቶ ይጣመማል። ቀለበቷን መተካት የሰዓት ሥራ ነው።

አሥር ጎራሹ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ነው፤ በ1933 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጣ፣ ከድሉም በኋላ የሠራዊቱ መሣሪያ ሆነ። ካርታው የሚነቀል ስለሆነ ሰው እንደ ክላሽ ካርታ በየጊዜው የሚቀያየር ይመስለዋል። እንደዚያ ታስቦ አልተሠራም። ወታደሩ ጥይት የሚሞላው አምስት አምስት አድርጎ ከላይ ነው፤ ካርታውን የሚነቅለው ለማጽዳት ብቻ ነበር። ስለዚህም እያንዳንዱ ካርታ ለራሱ ጠመንጃ ተስተካክሎ የተገጠመ ነው። የቁጥር አንዱ ካርታ ለቁጥር አራቱ አይሆንም፤ የዚያው ዓይነት ሆኖ ከሌላ የመጣ እንኳ ከንፈሩ ትንሽ ከተጣመመ ጥይቱን ያደናቅፋል። ካርታ የጠፋበት ሰው የዚያኑ ቁጥር ይፈልግ፤ ሲያገኝም ጠመንጃውን ሳይሆን ካርታውን ያስተካክል። የጠመንጃው ብረት አንዴ ከተሞረደ አይመለስም።

ሰደፉን በሚመለከት ሊ ኤንፊልድ አንድ ወጥመድ አለው። ሰደፉ ከፊተኛው እንጨት የተለየ ነው፤ ከኋላ በኩል በሚገባ ረጅም ብሎን ይያዛል። በቁጥር አንዱ ላይ የዚህ ብሎን ጫፍ ከፊተኛው እንጨት ውስጥ ካለ ብረት ጋር ይያያዛል። ፊተኛውን እንጨት ሳያወልቅ ብሎኑን የሚያዞር አናጺ ሰደፉን አወልቃለሁ ሲል ደህናውን እንጨት ይሰነጥቃል። ለጥገና የሚሰጥ ሰው ይህን ጠይቆ መልሱን ካልወደደው ዕቃውን ይዞ ይመለስ።

አሁን ወደ ጣና ዳር እንምጣ። ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፣ በጋው ደግሞ ያደርቃል፤ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል። በዚህ መካከል የተሰነጠቀን ሰደፍ የአገራችን ሰው የሚያክመው በጠፍር ነው። እርጥብ ቆዳ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ብረት ቀለበት ያጠብቃል። ዘዴው ብልኃት ያለበት ነው፤ ጉዳቱ ጠፍሩ የክረምቱን ርጥበት ጠጥቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ማዛጉ ነው። ስለዚህ ጠፍር ያለበት ሰደፍ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ጠፍሩን ግን አትፍቱት። የተሰነጠቀው በጥሩ ሙጫ ሊያያዝ ከቻለ ይያያዝ፤ ካልቻለ እንዳለ ይቆይ።

የግድ አዲስ ሰደፍ ያስፈልጋል ከተባለ የሚቀርበው ዋንዛ ነው። ለመጥረብ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል፤ ከፋብሪካው የለውዝ ዛፍ እንጨት ግን ይለሰልሳል። ወይራ ጠንካራ ነው ተብሎ ይመረጣል፤ ይከብዳል፣ ሳይደርቅ ከተጠረበም ይተረተራል። የትኛውም ቢመረጥ በደንብ ያልደረቀ እንጨት ለሰደፍ አይሆንም። ቫርኒሹን ይተዉት። ፋብሪካዎቹ ይጠቀሙ የነበረው እንጨቱ የሚጠጣውን ዘይት ነው፤ የተልባ ዘይት ለዚህ ይበቃል።

ይህ ሁሉ በገንዘብ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያሳየው የአሜሪካ ገበያ ነው። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለው አስመጪ ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ ቬተርሊዎችን፣ ካርካኖዎችን፣ ሞዘሮችንና ሊ ኤንፊልዶችን ለሰብሳቢዎች ሸጧል። በዚያ ገበያ የሚታየው በብረቱና በእንጨቱ ላይ ያለው ቁጥር መግጠሙ፣ ምልክቱ አለመፋቁ፣ የተጓደለ ዕቃ አለመኖሩ ነው። ጠፍርና የአገር ቤት ጥገና ያለበትን ‹‹ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ነው›› ብለው የሚፈልጉ ሰብሳቢዎችም አሉ። አሜሪካኖች ራሳቸው ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ በርካሽ የገዙትን የጦር ጠመንጃ ለአደን እንዲመች ሰደፉን እየቆረጡ ለውጠውት ነበር፤ ዛሬ ያ የተቆረጠው በርካሽ ሲሸጥ ያልተነካው ጓደኛው በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳል።

ይህን የሰማ ደላላ ዕቃውን ወደዚያ ለማሻገር እንዳይቸኩል፤ ከመሣሪያው አዋጅ ሌላ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ባለቤት ግን ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ጥገና ከማሰቡ በፊት በብረቱ፣ በመቀርቀሪያውና በሰደፉ ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፍ፤ ምልክቶቹን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ጥገናው ይፈቀድ እንደሆነ ፈቃዱን የሰጠውን ክፍል ይጠይቅ። የተሰበረ ሰደፍ ቢነሣ እንኳ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጠመንጃው ጋር ያስቀምጠው። ማገዶ አያድርገው።